ከእምብርት እስከ ጉልበት

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ግማሹ ይስቃል፤ ግማሹ ደግሞ «አፍሽ እንዴት እሺ አለሽ?» ይለኛል። የሚስቀው መጨረሻውን ስላልሰማ ነው። እናንተ ግን እስከ መጨረሻው ታነቡልኛላችሁ ብዬ ተስፋ ስለማደርግ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ያኔ እንጅባራ ውስጥ በአንድ የጤና ኮሌጅ የአዋላጅነት ተማሪ ነበርኩ። ስሜን ትርንጎ በሉኝ። የተወለድኩት ከከተማው ብዙ በማይርቅ ገጠር ነው። እናቴ አማርኛን ገበያ ስትመላለስ የለመደች፣ አባቴ ደግሞ አማርኛ የሚናገረው ሲቆጣ ብቻ የሆነ ሰው ነበር። እኛ ቤት የሚሳቀውም የሚለቀሰውም በአዊኛ ነው። ኮሌጁ አንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነበረችው፤ ድምጿ ከተማውን አልፎ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ድረስ ይደርሳል። ቅዳሜ ጠዋት በአማርኛና በአዊኛ የሚተላለፍ የጤና ፕሮግራም ነበራት፤ አዊኛ ስለማውቅና አፌም ስለማያርፍ አዘጋጅነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ ድምፄን ለይቶ «የቅዳሜዋ አይደለሽም እንዴ?» ሲለኝ የሚሰማኝን ደስታ አልደብቃችሁም። መልኬን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ ድምፄን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ጣቢያው አንድ ሕግ ነበረው። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ተማሪ በፍቅር ፕሮግራም ላይ ለሳቅ ብሎ የብልግና ቀልድ ተናገረ። በማግስቱ ሽማግሌዎችና ካህናት ጃንጥላቸውን ይዘው ኮሌጁ በር ላይ ተገኙ። «ልጆቻችንን ለማሳደግ ሬዲዮ መዝጋት አለብን ወይ?» አሉ። ኮሌጁ ደነገጠ፤ ፈቃዱን እንዳያጣም ፈራ። ኮሚቴ ተቋቋመና ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለውን የሰው ገላ በአየር ላይ በስሙ መጥራት ተከለከለ። የግድ ካስፈለገ በእንግሊዝኛ ይባል፤ በአማርኛ ከሆነም «የመራቢያ አካል» ተብሎ ይታለፍ። አዋላጅ የሚያሠለጥን ኮሌጅ ነው እንግዲህ! «ከእምብርት በላይ የምትወልድ ሴት አምጡልን» እየተባባልን እንስቅ ነበር።

የሕጉ ጠባቂ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ዘላለም ነበሩ። ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከመስታወቱ ወዲያ ድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ይቀመጣሉ። አንድ እጃቸው የእኛን ማይክ በሚያወርደው ማንሸራተቻ ላይ ነው፤ ሌላው ደግሞ የዋሽንት ሙዚቃ በሚያስነሳው ቁልፍ ላይ። ነውር ቃል ከሸተታቸው እኛን ያወርዱና ዋሽንቱን ይለቁታል። የከተማው ወጣት ይህን ስለለመደው ሰው ሲሳደብ ከሰማ «ዋሽንት ግባ!» እያለ ይቀልዳል። እኔ ግን አቶ ዘላለምን እወዳቸው ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጣቢያዋ እንዳትዘጋ የሚሰጉ ሰው ነበሩ፤ ከእሳቸው ሌላ የሚሰጋላት አልነበረም።

ነገሩ የሆነባት ቅዳሜ ክረምት ላይ ነበረች። ጉሙ ስቱዲዮው መስኮት ላይ ተለጥፎ ግቢው አይታይም። ርዕሳችን የውሃ ንጽሕና ነበር። እንግዳዬ የማዋለድ መምህራችን ሲስተር እናኑ ናት። የደብረ ማርቆስ ልጅ ስለሆነች አዊኛዋ ከሰላምታ አያልፍም፤ እሷ በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ ወደ አዊኛ እመልሳለሁ። ስለ ውሃ ማፍላት እያወራን ሳለ ስልክ ገባ።

«ሃሎ፣ አየር ላይ ነዎት። ማን እንበል? ከየት ነው?»

«አዲሱ ነኝ። ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ነኝ። እህቶቼ ድረሱልኝ! ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው! ያልጋነሽ ልትሞትብኝ ነው!»

ሲስተር እናኑ ወንበሯን ወደ ማይኩ ሳበች። «ተረጋጋ ወንድሜ። ምን ሆነች?»

«ጎህ ሲቀድ ወለደች። ልጅቱ ደህና ናት። እንግዴ ልጁም ወጥቷል። ደሙ ግን እምቢ አለ። መደቡን አልፎ መሬት ላይ ወርዷል።»

«አምቡላንስ ጠራህ?»

«ጠራሁ። መንገዱ ዛሬ አይታለፍም አሉኝ። ጎረቤት ቃሬዛ እየሠራ ነው፤ እስኪያልቅ ግን የምትቆይ አትመስለኝም።»

በዚያ ሰሞን መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት አልነበረም፤ ለምን እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ይህ ጉዳይ የአደባባይ አለመሆኑ ስለገባኝ «ወንድሜ አዲሱ፣ ስልኩን አትዝጋው። ከአየር ላይ እናወርድህና ለብቻ እናነጋግርሃለን» አልኩት።

«አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። «ከአየር ላይ ከወረዳችሁማ ምን ዋጋ አለው? ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። እኔ ያለሁት ጉብታው ላይ ነው። ሬዲዮው ግን ራስጌዋ ነው ያለው። እናቴና አክስቴ እናንተን እየሰሙ ነው። እኔ ወንድ ነኝ፣ እዚያ አልገባም። ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለእነሱ ንገሯቸው! እነሱ የሚሉትን እህቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጮህልኛለች።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የእኛ ድምፅ ወደዚያ ቤት የሚገባው በሬዲዮው ብቻ ነው፤ የእነሱ መልስ ወደ እኛ የሚመጣው ደግሞ ከደጃፉ ተጮኾ፣ ከጉብታው በስልክ ተቀብሎ ነው። ከአየር ላይ ብንወርድ ሴቶቹ አይሰሙንም። አየር ላይ ከቀረን ደግሞ አራሷን ከነገላዋ አገር ሁሉ ይሰማታል። ስሟንና አገሯን አዲሱ አስቀድሞ ተናግሮታል፤ እሱም ጭንቀቱ ነው እንጂ ምን ያድርግ።

ሲስተር እናኑ አልጠየቀችኝም፤ አዘዘችኝ። «ተርጉሚ» አለችኝ።

ተረጎምኩ። ሕፃኗን ጡት ያስይዟት። እናትየዋ ሽንቷን ትሽና። ይህን ስል አቶ ዘላለም ከመስታወቱ ወዲያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ጣታቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። ከእምብርቷ በታች እጃቸውን አሳርፈው ሆዷን አጥብቀው ይሹት። ከሥር ጠጠር ብሎ የተሰበሰበ ነገር ይዳሰሳቸዋል ወይ? ጠበቅን። ከስልኩ ውስጥ ንፋስ፣ የሴት ጩኸት፣ ከዚያ የአዲሱ ትንፋሽ ይሰማል።

«ጠጠር ብሏል አሉ። ደሙ ግን አልቆመም። እንደ መጀመሪያው ነው።»

የሲስተር እናኑ ፊት ተለወጠ። ማይኩን በእጇ ሸፍና በጆሮዬ «ማህፀኗ ከጠጠረ ደሙ የሚመጣው ከዚያ አይደለም። ስትወልድ ተቀድዳለች። ጭኗን ከፍተው አይተው፣ የተቀደደውን በጨርቅ ካልተጫኑት ታልቃለች» አለችኝ። ከዚያ ወደ ማይኩ ተመለሰችና በለመደችው የሬዲዮ ቋንቋ «እናቶቼ፣ ደሙ ከመራቢያ አካሏ በየትኛው ጎን እንደሚመጣ ተመልከቱ» አለች።

እኔም በአዊኛ ዙሪያውን እየዞርኩ፣ እያለሳለስኩ ተረጎምኩት። ጠበቅን። ከሩቅ ሴቶች ሲከራከሩ ይሰማኛል።

«አዲሱ፣ አዩ ወይ?»

«እናቴ አላይም አለች።»

«ለምን?»

«ምራቴ ናት፣ ሀፍረቷን አላይም አለች። ‹ነውር ነው፤ ሬዲዮው እንኳ ስሙን መጥራት ፈርቶታል› አለች።»

እስካሁን ብዙ የሚያም ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚች ዓረፍተ ነገር ግን ያመመኝ የለም። አሮጊቷ ትክክል ነበሩ። እኛ የተማርነው፣ ነጭ ጋዋን የለበስነው እንዲህ ዙሪያውን የምንዞረው ከባድ ነውር ቢሆን ነው ብለው ፈሩ። በእኛ ባህል አማት የምራቷን ገላ አታይም፤ የእኛ መሽኮርመም ደግሞ ለዚህ ፍርሃታቸው ማኅተም ሆነለት። አገሩ ሁሉ የሚያከብረው ሬዲዮ የሸሸውን እሳቸው እንዴት ይድፈሩት?

ቃሉን ተናገርኩት። በአዊኛ፣ እናቴና ጎረቤቶቿ ወንድ በሌለበት የሚሉትን፣ ያለ ሽፋን። እዚህ አልጽፈውም፤ ለምን እንደማልጽፈው በኋላ ይገባችኋል። «እናቴ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ» አልኳቸው። «ነውር የለም። ጭኗን ክፈቱት፤ ወደ ብርሃን አዙሯት...» ብዬ ቃሉን ጠራሁት።

ዋሽንት ገባ።

ጆሮዬ ላይ ባለው ማዳመጫ የእኔ ድምፅ ጠፍቶ ያ የከብት ጠባቂ ዜማ ተንቆረቆረ። በስልኩ በኩል አዲሱ ይጮሃል። «ምን ሆናችሁ? እህቴ ሬዲዮው ዋሽንት ሆነ እያለች ነው! ኧረ በማርያም! ዋሽንት ሆነ!»

ሲስተር እናኑ ተነስታ መስታወቱን በሁለት መዳፏ ደበደበችው። አቶ ዘላለም አላዩዋትም፤ ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው እጃቸውን ማንሸራተቻው ላይ አድርገዋል። ወደ እሳቸው ክፍል ብቻ የሚያስተላልፈውን የውስጥ ማይክ ተጫንኩ።

«አቶ ዘላለም፣ ያውርዱት!»

«ትርንጎ፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «ከተማው በሙሉ እየሰማ ነው። የእኔም ልጆች እየሰሙ ነው።»

«ያልጋነሽም እየሰማች ነው። የሚያሰሟት ዋሽንት ነው፤ ዋሽንት እየሰማች ትሞታለች!»

 ዋሽንቱ አንዱን ዜማ ጨርሶ ሌላውን ጀመረ። እኔ እንባዬ መጣ። ከንዴት ይሁን ከፍርሃት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ከዚያ አቶ ዘላለም አማተቡ። ዋሽንቱን አወረዱት፤ የእኛን ማይክ ወደ ላይ ገፉትና ሁለት እጃቸውን ከመቆጣጠሪያው ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አልነኩትም።

ከዚያ በኋላ ምንም አልሸፈንኩም። ሲስተር እናኑም የሬዲዮ አማርኛዋን ጣለችው። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እመልሳለሁ፤ እሷ ደፍራ የጠራችውን እኔም ደፍሬ እጠራለሁ። የአዲሱ መልስ መምጣት ጀመረ።

«አየች። እናቴ አየች! በግራ በኩል ተቀድዷል አሉ፤ ደሙ የሚፈልቀው ከዚያ ነው።»

«እጃቸውን ታጥበው ንጹሕ ጨርቅ ያዘጋጁ። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ንጹሕ ነጠላ ካለ ያውጡት። አጥፈው የተቀደደው ላይ ያድርጉትና በሙሉ ኃይላቸው ይጫኑት። እየገለጡ አይመልከቱት። አይልቀቁት።»

«ያዘች። እናቴ ይዛለች። ግን ያልጋነሽ ዓይኗን ከደነች አሉ። አትናገርም።»

«እግሯን ከፍ አድርጉ፤ አልብሷት» አለች ሲስተር እናኑ። ወደ እኔ ዞራ «ስሟን እየጠራሽ አናግሪያት፤ እንዳታሸልብ» አለችኝ።

ጠራኋት። «ያልጋነሽ! እህቴ ያልጋነሽ! ልጅሽ ሴት ናት አሉኝ፤ ጡትሽን ይዛለች፤ ይሰማሻል?» እያልኩ ጠራኋት። መልሷ አይመጣልኝም። ጭኗን፣ ቁስሏን፣ ደሟን አስሬ እያነሳሁ፣ በየመሃሉ ስሟን እየጠራሁ፣ ያቺን ቤት ከነአራሷ በከተማው ሁሉ አደባባይ ላይ ዘርግቼ ቆየሁ። በመጨረሻ አዲሱ «ቃሬዛው ደረሰ! ልንነሳ ነው!» አለ። ወዲያው ስልኩ ጸጥ አለ፤ ባትሪው ሳያልቅበት አይቀርም።

አቶ ዘላለም ጣቢያውን ዘጉት። ሙዚቃም ስንብትም የለም። ሲስተር እናኑ ሻርፗን አነሳችና «ሆስፒታል በር ላይ እንጠብቃት» አለችኝ።

ባጃጅ ተሳፈርን። አድራሻውን የነገርኩት እኔ ስለሆንኩ ሾፌሩ ድምፄን ለይቶታል። መንገድ ላይ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሳ «እህቴን ከክፍሉ አስወጥቼ ነው የሰማሁት» አለኝ። ያቺን የድሮዋን «የቅዳሜዋ አይደለሽም እንዴ?» ጠበቅሁ፤ አልመጣችም።

ካፊያ እየወረደብን ብዙ ቆምን። በመጨረሻ፣ ቃሬዛው አስፋልት ሲደርስ ያገኙት ሚኒባስ እየጮኸ ገባ። የቀርከሃ ቃሬዛው የኋላው ወንበር ላይ ተጋድሟል። ያልጋነሽ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። አንዲት አሮጊት አብረዋት ተጋድመው እጃቸው ብርድ ልብሱ ሥር ገብቷል። የአዲሱ እናት ናቸው። ያንን ሁሉ ጭቃ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ከቃሬዛው ጋር ተጎንብሰው እየሄዱ ጨርቁን አልለቀቁም። ሐኪሙ «ይልቀቁ እናቴ፣ እኛ እንይዘዋለን» ሲላቸው እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ሲስተር እናኑ ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈታችው።

ተሰፋላት፣ ደም ተሰጣት፣ ዳነች። አዲሱ እግሬ ላይ ወደቀ። እኔም በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ከእኔ የተሻለ ሥራ የሠራ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ሰኞ ዕለት ኮሚቴው ጠራኝ። ከአባላቱ አንዱ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ ሳይቆጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ለነፍስ ብለሽ ነው፤ እግዜር ያውቅልሻል። እኔ ግን ከሴት ልጄ ጋር ቁርስ ላይ ነበርኩ። እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እሷም ቀና ብላ አላየችኝም፣ እኔም አላየኋት፤ እስከ ዛሬ ተፋፍረን ነው ያለነው። ይኸስ ምንም አይደለም ትይኛለሽ?»

«ሴትየዋ ብትሞት ይሻል ነበር?» አልኳቸው።

«አላልኩም። ጉዳት አልደረሰም እንዳትይኝ ነው።»

ያኔ እልኸኛ ነበርኩና አፌን አጣምሜ ወጣሁ። ፕሮግራሙ ተዘጋ። እኔ ማይክ ዳግም እንዳልነካ ተወሰነ። አቶ ዘላለምን ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛወሯቸው። ሄጄ «በእኔ ምክንያት ነው» ስላቸው «እጄን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አሉኝ፤ «ደግሞም እዚህ ዋሽንት የለም፤ ተመስገን ነው።» ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሁለታችንም ሳቁ አልሆነልንም።

የተበደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ከረምኩ። የያልጋነሽን ወሬ የሰማሁት ቆይቶ ነው። የመንደሯ ጎረምሶች እኔ በሬዲዮ ያልኩትን ቃል በቃል አጥንተውታል። ገበያ ስትወጣ ከኋላዋ ሆነው፣ ድምፄን እያስመሰሉ፣ «ያልጋነሽ! እህቴ ያልጋነሽ!» ይሉና ቃሉን ያስከትሉበታል። በዓል ሲመጣ ግጥም ገጠሙበት። አዲሱ ሠርግ ቤት ውስጥ አንዱን በዱላ ፈንክቶ ታሰረ። ሲፈታ ደግሞ የቁጣው ጊዜ አልፎ ሀፍረት ገባበት፤ ከእሷ ጋር ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመ። አማቷ ብቻ ናቸው አብረዋት የቀሩት። አንድ ቀን ያልጋነሽ ልጇን አዝላ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መሃል «እንኳን ተናገርሽ» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም እላለሁ። ነገ ያ ስልክ ቢደወል ያንኑ ቃል ደግሜ እጠራዋለሁ። አቶ ዘላለም እጃቸውን ባያነሱ ኖሮ ሕጉ ሰው ገድሎ፣ ማንም ሳይከሰስ፣ ፕሮግራሙም በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀጥል ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሽማግሌው ያሉኝም ግን እውነት ነበር። እኔ ነውር የሚባለው ነገር ያልተማረ ሰው ፈሪነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ሴት በሰው መሃል ቀና ብላ የምትሄድበት ልብስ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ዛሬ አዋላጅ ነኝ። ነፍሰ ጡሮችን ሳስተምር ሁሉን ነገር በስሙ እጠራለሁ፤ አማቶችንም ጠርቼ አስቀምጣቸዋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ተነስቼ በሩን እዘጋለሁ። ያን ክረምት የአዲሱ እናት በተዘጋ በር ውስጥ ቃሉን ቀድመው ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ሬዲዮ ባላስፈለገ ነበር። ይህንን የተማርኩት በያልጋነሽ ነው፤ ዋጋውን የከፈለችውም እሷ ናት።

ያገኘኋት ዳንግላ ነው። ያልጋነሽ የምትሠራበትን ዳቦ ቤት የነገረችኝ አክስቷ ናት። ለምን እንደሄድኩ በትክክል ልነግራችሁ አልችልም፤ ይቅርታ ልጠይቅም አልነበረም፣ ምስጋና ልቀበልም አልነበረም። እንዲያው ላያት ፈለግሁ። በጓሮ በር ስገባ ጎንበስ ብላ የሊጥ ማቡኪያ ታጥባለች። ልጅቱ ዱቄት ነክቷት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች።

«ያልጋነሽ» አልኳት ቀስ ብዬ።

እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ። ፊቴን ልብ ብላ አይታው አታውቅም፤ ቀና ብላም አላየችኝም። «አንቺ ነሽ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እንደምትመጪ አውቄዋለሁ።» እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ልጄን ሳይ እመርቅሻለሁ። ማርያምን እልሻለሁ፣ እመርቅሻለሁ። ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ ሲመጣ ግን ልብሴ ይወልቃል። ሰው ሁሉ ያየኛል። አሁንም ስትጠሪኝ እንደዚያው ሆንኩ።»

«ሌላ መንገድ አልነበረም እኮ» አልኩ።

«አልነበረም። አማቴም እንደሱ ይሉኛል። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ፤ የምጣላው ሰው አጣሁ።» የማቡኪያውን ውሃ ደፋችና «ሞቼ ቢሆን ስሜን የሚጠራው ቄስ ነበር። አሁን ገበያ ይጠራዋል» አለች።

ልጅቱ ወደ እኔ እጇን ስትዘረጋ ስሟን ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ያልጋነሽ ዘልላ መጥታ እርጥብ መዳፏን አፌ ላይ ጫነችው።

«አታውሪ» አለች በሹክሹክታ። «የቤቱ ባለቤት መጣች። እዚያው እንጅባራ፣ ቆሰበር ነው ያደገችው፤ ቅዳሜ ሬዲዮ አያመልጣትም ነበር። አንቺን ካወቀች እኔን ታውቀኛለች። እዚህ አስቴር ነኝ።»

አንዲት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ትኩስ ዳቦ በቅርጫት ይዛ ገባች። «አስቴር፣ እንግዳ መጣብሽ? ማን ናት?»

ያልጋነሽ መዳፏን ከአፌ ላይ አንስታ ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

«የአገሬ ልጅ ናት» አለች። «መናገር አትችልም።»

«ውይ፣ አፈር ልብላላት!» አለች ሴትየዋ ከልቧ አዝና። «ትሰማለች?»

«ትሰማለች። መናገር ነው የማትችለው።»

ሴትየዋ ከቅርጫቱ ዳቦ አንስታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ጎንበስ ብዬ ተቀበልኳት። ልጅቱን ጉንጯ ላይ ሳምኳትና ወጣሁ። መናኸሪያው ደርሼ ረዳቱ «እህት፣ ወዴት ነሽ?» ሲለኝም ወደ እንጅባራ በጣቴ ጠቆምኩት።